የአሻራው ተረትና የመሳቢያው ሥራ፦ ስለ ተዘዋዋሪ ወንጀለኞች ለቀረበ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የአውሮፓና የአሜሪካ ፖሊሶች ከከተማ ከተማ የሚዘዋወሩ ልማደኛ ወንጀለኞችን እንዴት ይከታተሉ እንደነበር የሚተርክ ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው አንባቢ ይዞ መሄድ ይችሉበታል። ትረካቸው ግን እንዲህ ባለ ጉዳይ ላይ ሊሆን ከሚገባው በላይ ለስላሳ ነው። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው፦ ከ1900 በፊት ፖሊስ ዕውር ነበር፤ ፈረንሳዊው አልፎንስ ቤርቲዮን ሰው በመለካት ዓለምን ሲያሳስት ኖረ፤ በ1903 በአንድ የአሜሪካ እስር ቤት መንታ የሚመስሉ ሁለት እስረኞች ተገናኙና ልኬት በአንድ ቀን ወደቀ፤ የለንደን ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት የስኮትላንድ ያርዱ ኤድዋርድ ሄንሪ የፈለሰፈው የጣት አሻራ ቦታውን ያዘ፤ ከዚያ ወዲያ ተዘዋዋሪው ሌባ ድንበር ቢሻገር እንኳ መግቢያ አጣ፤ ንጹሕ ሰው ደግሞ የሚፈራው ነገር አልነበረም። እኛ በዚያው ዘመን በሌባሻይ ሌባ እንፈልግ እንደነበርም ጠቅሰው ያሾፉብናል።

ከእነዚህ ነጥቦች አንዳንዱ ግማሽ እውነት አለው፤ አንዳንዱ ጭራሽ ውኃ አያነሣም። በየተራ ልይዛቸው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመንታ መሳዮቹ ልጀምር፤ የጽሑፉ ምሰሶ እነሱ ናቸውና። በግንቦት 1903 ዊል ዌስት የሚባል እስረኛ ካንሳስ ግዛት ወደሚገኘው የሌቨንዎርዝ እስር ቤት ገባ። መዝጋቢው ከዚህ በፊት እዚህ ታስሮ እንደነበር ሲጠይቀው ሰውየው ካደ። አካሉ ተለክቶ በልኬቱ መሠረት ካርድ ሲፈለግ ዊልያም ዌስት የሚል ስም ያለበት ካርድ ወጣ፤ መልኩም ልኬቱም የሚቀራረብ። ዊልያም ዌስት ግን በነፍስ ግድያ ተፈርዶበት ከ1901 ጀምሮ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። እስከዚህ ድረስ ያለው ተደርጓል። የሁለቱ አሻራ እዚያው ተነሥቶ ልዩነታቸው እንደታየና ልኬት በዚያን ዕለት እንደተቀበረ የሚነገረው ግን ኋላ የተቀጠለ ነው። ሌቨንዎርዝ አሻራ ማንሣት የጀመረው በ1904 ማብቂያ ላይ ነው፤ ያውም በሴንት ሉዊስ የዓለም ትርዒት ጊዜ ከለንደን የመጣው ሳጅን ጆን ፌሪየር ሙያውን ለአሜሪካውያን ካስተማረ በኋላ። በአሻራ የታጀበው ትረካ በመጽሐፍ የወጣው በ1918 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ማሠልጠኛው ሁሉ ከማሠልጠኛ እየተቀባበለ እዚህ አድርሶታል።

ጸሐፊው ሳያስተውሉት ያለፉት ነገር ደግሞ አለ። መዝጋቢው በሺዎች ከሚቆጠሩ ካርዶች መካከል ያንን አንድ ካርድ በደቂቃዎች ውስጥ አውጥቶታል። ያወጣለት ምንድን ነው? ያ ወደቀ የተባለው ልኬት ነዋ!

ስለዚህ ወደ ቤርቲዮን እንሂድ። ሰውየው እንከን አልባ አልነበረም። በ1894 ድሬይፉስ የተባለው የፈረንሳይ የጦር መኮንን ያለ ጥፋቱ በአገር ክህደት በተከሰሰበት ጉዳይ የእጅ ጽሕፈት ሊቅ ነኝ ብሎ ገብቶ የሠራው ጥፋት ስሙን ለዘላለም አጉድፎታል። በተዘዋዋሪ ወንጀለኞች ጉዳይ ግን አሳሳች ነበር ማለት ችግሩ ምን እንደነበር አለማወቅ ነው።

በ1879 የፓሪስ ፖሊስ ጽሕፈት ቤት በጸሐፊነት ሲቀጠር ሥራው የተያዙ ሰዎችን መልክ በካርድ ላይ መገልበጥ ነበር። ቁመቱ መካከለኛ፣ ፊቱ ሞላላ፣ የተለየ ምልክት የለውም፤ ይህ የማንም መልክ ነው። ፎቶግራፍም ነበረ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፎቶግራፍ። የተደረደረው ግን በስም ነው። ሌባው ደግሞ መጀመሪያ የሚቀይረው ስሙን ነው። በማርሴይ ዱፖን የነበረው ፓሪስ ሲደርስ ማርታን ይሆናል። በፊደል ተራ የተደረደረ መዝገብ ስሙን ለቀየረ ሰው ምን ያደርጋል? የሚፈለገው ካርድ እዚያው ክፍል ውስጥ አለ፤ የሚያገኘው ግን የለም። አገራችን ውስጥ ጉዳይ ይዞ መዝገብ ቤት ደጅ የጠና ሰው ይህን ነገር ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ ፋይሉ አልጠፋም፣ አልተገኘም ነው የሚባለው፤ ለባለጉዳዩ ግን ያው ነው።

በ1885 ነገሩ የበለጠ ከረረ። ፈረንሳይ በዚያ ዓመት ባወጣችው ሕግ በተደጋጋሚ የተፈረደበት ሰው ወደ ጊያና ወይም ወደ ኒው ካሌዶኒያ ተግዞ በዚያው እንዲቀር ይደረግ ጀመር። ጥቃቅን ሌብነት የደጋገመ ሰው በስሙ ቢገኝ ባሕር ተሻግሮ ሊቀር ነው። እንግዲህ ስም መደበቅ የሞት የሕይወት ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

የቤርቲዮን ብልሃት እዚህ ላይ ነው። አሥራ አንድ ልኬቶችን መረጠ፤ የራስ ርዝመትና ስፋት፣ የግራ መሐል ጣት፣ የግራ እግር፣ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ ያለው ክንድ፣ የተዘረጉ እጆች ስፋት፣ የመሳሰሉትን። ከዚያ እያንዳንዱን ልኬት ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ብሎ ከፈለ። የራስ ርዝመት ክምሩን ለሦስት ይከፍለዋል፤ የራስ ስፋት እያንዳንዱን ሦስተኛ እንደገና ለሦስት፤ የመሐል ጣት እንደገና። አራት ጊዜ ሲደገም 81 መሳቢያ ይሆናል። ዘጠና ሺህ ካርድ ያለው ፖሊስ ሊያገላብጥ የሚገባው ወደ አንድ ሺህ ይወርዳል፤ በቀሩት ልኬቶች ሲቀጥል ከእጅ የማያልፍ ጥቂት ካርድ ይቀራል። ስሙን የለወጠ ሰው የራስ ቅሉን ሊለውጥ አይችልም። በየካቲት 1883 የመጀመሪያው ስም ለዋጭ ተያዘ፤ በ1884 ብቻ ከሁለት መቶ በላይ ተለዩ። በ1892 ፓሪስን በፈንጂ ያሸበረው ራቫሾል ሲያዝም ማንነቱ የታወቀው አስቀድሞ በሴንት ኤቲየን በሌላ ስም ተይዞ ተለክቶ ስለነበር ነው።

ድክመቱስ? ነበረው። ልኬት የሚወሰደው በሰው እጅ ነው፤ አንዱ መለኪያውን ጠበቅ፣ ሌላው ላላ ያደርገዋል። ሁለት ሚሊ ሜትር ሲሳሳት ካርዱ ጎረቤት መሳቢያ ገብቶ ይቀራል፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት መሳቢያ መፈለግ ግድ ይሆናል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ያድጋል። የሚወልቅ መሣሪያ፣ የሚሰለች ፖሊስ፣ ሁሉም አለ። ለመተካቱ ምክንያቱ ይህ ነው እንጂ የካንሳሶቹ መንታዎች አይደሉም።

ጸሐፊው ቤርቲዮንን መክሰስ ከፈለጉ እኔ የተሻለ ማስረጃ ላቀብላቸው። ነሐሴ 21 ቀን 1911 ሞና ሊዛ የተባለችው ሥዕል ከፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ተሰረቀች። ሌባው ሥዕሏን የሸፈነውን መስታወት ሲያወልቅ የአውራ ጣቱን አሻራ ጥርት አድርጎ ትቶ ሄደ። ያ ሰው ቪንቼንሶ ፔሩጃ ነበር፤ ከጣሊያን ለሥራ የመጣ፣ ለሉቭር መስታወት በገጠመ ድርጅት የሠራ፣ ከዚያ በፊት በፓሪስ ፖሊስ ተይዞ ካርድ የወጣለት። እንግዲህ አሻራውም አለ፣ ካርዱም በዚያው በቤርቲዮን ክፍል አለ። ካርዱ የተደረደረው ግን በልኬት ነው። አሻራ ብቻ ይዞ የመጣን ሰው ያ መዝገብ ሊያስተናግደው አይችልም፤ ከየትኛው መሳቢያ ይጀምራል? ፔሩጃ የተያዘው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1913፣ ፍሎረንስ ላይ ሥዕሏን ለመሸጥ ሲሞክር ነው። የዘመኑ ዝነኛ ሌባ አሻራውን ፖሊስ ፊት አስቀምጦ አምልጧል።

ከዚህ የምወስደው ነገር የምላሼ ሁሉ መሠረት ነው። የዚያ ዘመን ፖሊስ የተጨነቀው ሰው ከሰው የሚለይበት ምልክት አጥቶ አልነበረም። ጠባሳ፣ ንቅሳት፣ ፎቶግራፍ፣ አሻራ፣ ሁሉም በእጁ ነበር። የጎደለው ከመቶ ሺህ ካርድ አንዱን መዝዞ የሚያወጣበት ሥርዓት ነው።

አሻራን ለወንጀል ምርመራ ያበቃውም ይኸው ነው። የሁለት ሰዎች አሻራ እንደማይመሳሰል ከሄንሪ በፊት የጻፉ ነበሩ፤ ሐኪሙ ሄንሪ ፎልድስ በ1880፣ ከእሱም በፊት በሕንድ ቤንጋል ውስጥ በ1858 ውል በእጅ አሻራ ማጽናት የጀመረው ዊልያም ሄርሸል። በአርጀንቲና ሁዋን ቩቼቲች በ1891 የራሱን አደራደር ፈጥሮ ሥራ ጀምሯል፤ በማግሥቱ ዓመትም ልጆቿን የገደለች እናት በር ላይ በቀረ የደም አሻራ ተጋልጣለች። ስለዚህ ሄንሪ አሻራን ፈለሰፈ ማለት በማንኛውም መለኪያ ስሕተት ነው። የሄንሪ ስም የተሸከመው አሻራን የመደርደር ዘዴ ነው፤ እሱም ቢሆን የተሠራው ለንደን ሳይሆን ካልካታ ውስጥ ነው። ሄንሪ በዚያን ጊዜ የቤንጋል ፖሊስ ዋና ኃላፊ ነበር፤ ስሌቱን የቀመሩት ደግሞ የሒሳብ ሰው የነበረው አዚዙል ሐቅና ሄም ቻንድራ ቦስ የተባሉ የበታች መኮንኖቹ ናቸው።

ስሌቱ ሲታይ ያስቃል፤ ያን ያህል ቀላል ነው። አሥሩ ጣቶች በአምስት ጥንድ ይከፈላሉ። ለእያንዳንዱ ጥንድ ዋጋ ይሰጠዋል፤ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1። ጣቱ ላይ ያለው መስመር አዙሪት ከሆነ ዋጋው ይቆጠራል፤ አዙሪት ካልሆነ ዜሮ ነው። ከየጥንዱ የአንደኛው ጣት ድምር ከላይ፣ የሌላኛው ከታች ይጻፍና በሁለቱም ላይ አንድ ይጨመራል። ከላይ ያለው ቁጥር ከ1 እስከ 32፣ ከታች ያለውም ከ1 እስከ 32 ሊሆን ይችላል። 32 ጊዜ 32 ሲባዛ 1,024 ሳጥን። በጣቱ አሥር ጥቁር ነጠብጣብ ያሳረፈ ማንኛውም ሰው፣ ስሙን ምንም ቢል፣ ቁጥሩ ሳጥኑን ይነግረናል። መለኪያ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ቀለም፣ ወረቀትና ማባዛት የሚችል ጸሐፊ ይበቃል። በ1897 የካልካታው ቢሮ ተከፈተ፤ ለንደን የተከተለችው በሐምሌ 1901 ነው። ለሐቅና ለቦስ ክብራቸው የደረሰው ከዓመታት በኋላ፣ በማዕረግና በየአምስት ሺህ ሩፒ ጉርሻ ነው። ጸሐፊያችን ያን እንኳ አላተረፉላቸውም።

እዚያው ቤንጋል ውስጥ በ1897 አንድ የሻይ እርሻ ሥራ አስኪያጅ ተገድሎ ተገኘ። ሣጥኑ ተሰብሯል፤ ውስጡ ከነበሩት ወረቀቶች መካከል አንድ የቀን መቁጠሪያ ላይ ቡናማ የጣት እድፍ አለ። እድፉ ካልካታ ሲላክ የአንድ የቀድሞ አሽከሩ የቀኝ አውራ ጣት ሆኖ ተገኘ። እንዴት ተገኘ? ሰውየው አስቀድሞ በስርቆት ተፈርዶበት አሻራው ስለተቀመጠ። ፍርድ ቤቱም በስርቆቱ ቀጣው እንጂ በግድያው አልፈረደበትም፤ አሻራ ሣጥን መንካቱን እንጂ ነፍስ ማጥፋቱን አይናገርምና። ያ ዳኛ ከብዙ የዛሬ ተራኪዎች ይልቅ አሻራ ምን እንደሚችል ገብቶት ነበር።

አሁን ጸሐፊው ትክክል ወደሆኑበት ቦታ ልምጣ፤ ተይዞ የመጣን ተዘዋዋሪ ሌባ በማጋለጥ በኩል አሻራ ተአምር ሠርቷል። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ እንደሚባለው፣ የተዘዋዋሪው ጉልበት አለመታወቁ ነው። በእንግሊዝ የፈረስ እሽቅድምድም ወቅት ኪስ አውላቂውና አጭበርባሪው ከየከተማው በባቡር ተጭኖ ሜዳው ላይ ይፈሳል፤ ከተያዘም ስሙን ፈጥሮ፣ የመጀመሪያ ጥፋቴ ነው ብሎ፣ ትንሽ ቅጣት ከፍሎ በማግሥቱ ወደሚቀጥለው ሜዳ ይሄዳል። በ1902 በኤፕሰም የደርቢ ቀን ፖሊስ የያዛቸውን 54 ሰዎች አሻራ አንሥቶ በዚያው ሌሊት ለንደን ላከ። ሲነጋ 29ኙ የቆየ ወንጀል መዝገብ እንዳላቸው ታወቀ። የስኮትላንድ ያርዱ ሹም ሜልቪል ማክናተን እንደተረከው፣ ዳኞቹ ፊት መጀመሪያ የቀረበው ሰው ግሪን እባላለሁ፣ ከግሎስተር ነኝ፣ የእሽቅድምድም ሜዳ አይቼም አላውቅ አለ። ኢንስፔክተሩ ተነሥቶ ወረቀቱንና ፎቶግራፉን አቀረበ፤ ሰውየው የበርሚንግሃሙ ብራውን ነበር፣ አሥር የሚያህል ፍርድ ያለበት። ብራውን አሻራን ረግሞ ዝም አለ።

ከዚያ በፊት የነበረው አሠራር ምን ይመስል እንደነበር ካላወቅን የዚያ ጠዋት ትርጉም አይገባንም። የለንደን መርማሪዎች በሳምንት ሦስት ጊዜ ሆሎዌይ እስር ቤት ሄደው ፍርድ የሚጠብቁትን እስረኞች አንድ በአንድ በዓይን ያዩ ነበር፤ የማውቀው ፊት ይኖር ይሆን እያሉ። በእግርና በዓይን የሚሠራ መዝገብ ማለት ነው።

ነገር ግን ጸሐፊው የዘለሉት ትልቁ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል፤ ያልተያዘውስ? አሥር ጣት በቀለም የሚነከረው ሰውየው እጅ ከገባ በኋላ ነው። ጓንት አድርጎ ሊድስ ላይ ቤት ሰብሮ፣ በሳምንቱ ኖቲንግሃም የሚገኘውን ሌባ የ1,024ቱ ሳጥን አያውቀውም። በዚያ ላይ እንግሊዝና ዌልስ ሁለት መቶ ገደማ ራሳቸውን የቻሉ የፖሊስ ኃይሎች ነበሯቸው። ለእያንዳንዱ የደረሰው አንድ ተራ ስርቆት ነው። አሥራ አምስቱ ስርቆት የአንድ ሰው ሥራ መሆኑን የሚያይ ዓይን አልነበረም።

ይህንን ቀዳዳ ለመድፈን የተነሣው በሰሜን እንግሊዝ የዌስት ራይዲንግ ዮርክሻየር የፖሊስ አዛዥ ሉዌሊን አቸርሊ ነው። ስሙ በጽሑፉ ውስጥ አንድም ቦታ አልተጠቀሰም፤ ስለ ተዘዋዋሪ ወንጀለኞች እየጻፉ አቸርሊን መዝለል በእውነቱ ያስገርማል። በ1913 ያሳተመው ዘዴ ስለ ሰውየው አካል ምንም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ስለ አመሉ ነው። ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል፤ አቸርሊ ያንን አመል በካርድ ጻፈው።

ካርዱ አሥር ጥያቄዎች አሉት። የተሰረቀው ምን ዓይነት ቦታ ነው፤ መኖሪያ ቤት፣ ሱቅ፣ የአልጋ ኪራይ ቤት? በየት ገባ፤ በፊት በር፣ በጓሮ መስኮት? በምን፤ በመሰላል፣ በሽቦ፣ በተመሳሳይ ቁልፍ? ምን ፈልጎ ነው፤ ጌጥ፣ ገንዘብ፣ ልብስ? መቼ፤ ሰዓቱ ብቻ ሳይሆን የገበያ ቀን ነው ወይስ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን የሄደበት እሑድ ጠዋት? ራሱን ምን አስመስሎ ቀረበ፤ የመድን ወኪል፣ ቧንቧ ጠጋኝ፣ ክፍል ተከራይ? ምን ተረት አወራ? ግብረ አበር አለው? በምን ሄደ፤ በባቡር፣ በብስክሌት? የመጨረሻው ከሁሉም ይጥመኛል፤ የእሱ ብቻ የሆነ ምን ምልክት ትቶ ሄደ? ውሻውን መርዞ ነው የገባው፣ ልብስ ለውጦ አሮጌውን ጥሎ ሄደ፣ ለባለቤቱ ወረቀት ጻፈለት? በየከተማው የተሞሉት ካርዶች ዌክፊልድ ባለው ማዕከል ሲሰባሰቡ፣ በሸፊልድ ክፍል ልከራይ ብሎ ገብቶ እሑድ ጠዋት የአከራዩን ሣጥን ያራቆተው ሰውና በሃል የመድን ወኪል ነኝ ያለው ሰው አንድ መሆን አለመሆናቸውን ማነጻጸር ይቻላል። ኋላ በአሜሪካ የበርክሌይ ፖሊስ አዛዥ ኦገስት ቮልመር ዘዴውን ወሰደው፤ ዛሬ ፖሊስ ሁሉ ስለ ወንጀል አፈጻጸም ስልት ሲያወራ የሚጠቀመው የአቸርሊን አስተሳሰብ ነው።

ልብ ይባል፣ ይህም መልሶ የመሳቢያ ሥራ ነው። እዚህ ግን ካርዱ የተደረደረው በሌባው አካል ሳይሆን በሥራው ነው። በዚያ ላይ ፖሊሶች የሚቀባበሉት ጋዜጣ ነበር፤ የተዘዋዋሪ ወንጀለኞችን ፎቶግራፍና የአሠራር ልማድ እየያዘ በየጣቢያው ይደርስ ነበር። በአመክሮ የተለቀቀ እስረኛም በየወሩ ለፖሊስ መቅረብና አድራሻ ሲለውጥ ማሳወቅ ነበረበት። ከዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር አሻራው ዝነኛ ቢሆንም የሥራው አንድ ክፍል ብቻ ነው።

ስለ ሌባሻይ አንድ ቃል። ሕፃን ልጅ መጠጥ ግቶ አስክሮ የወደቀበትን ቤት ባለቤት ሌባ ነህ ማለት የሚከላከሉለት ልማድ አይደለም፤ እኔም አልከላከልለትም። ንጽጽሩ ግን ተንሸዋሯል። ከአሻራ ጋር መነጻጸር ያለበት አውጫጭኝ ነው፤ አገሬው ተሰብስቦ፣ እርስ በርሱ ስለሚተዋወቅ፣ ወንጀለኛውን ከመካከሉ የሚያወጣበት። የእንግሊዝ ገጠር ፖሊስም ለረጅም ዘመን የኖረው በዚሁ በመተዋወቅ ነው። ሁለቱንም የረታቸው ባቡር የያዘው እንግዳ ሰው ነው።

ድንበር ማምለጫ መሆኑ ቀረ የሚለው ነጥብ አጭር መልስ ይበቃዋል። እርግጥ በ1906 ኒው ዮርክ ውስጥ በዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ባማረ ልብስ የተያዘ አንድ እንግሊዛዊ ክብሬ ተነካ ብሎ ሲጮህ፣ መርማሪው ጆሴፍ ፋውሮ አሻራውን በፖስታ ለንደን ልኮ የታወቀ የሆቴል ሌባ መሆኑን የሚገልጽ መልስ አግኝቷል። ይህ የሆነው ግን አንድ ትጉህ ሰው በግሉ ስለሞከረው ነው። በተቃራኒው አሜሪካውያኑ የባንክና የባቡር ዘራፊዎች ቡች ካሲዲና ጓደኛው ሎንጋቦ በ1901 ቦነስ አይረስ ሲወርዱ ማን ነካቸው? ፒንከርተን የተባለው የአሜሪካ የግል መርማሪ ድርጅት ወኪል ፍራንክ ዲማዮ በ1903 ተከትሏቸው ሄዶ በፓታጎንያ እርሻ እንደያዙ ከሰማ በኋላ እንኳ ሳይዛቸው ተመልሷል። ከወደቡ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ላ ፕላታ ቩቼቲች በዓለም ከማንም በፊት የአሻራ መዝገብ ያደራጀበት ቢሮ ነበር። የእነሱ ካርድ ግን እዚያ አልነበረም፤ አሜሪካም ውስጥ አሻራቸውን ያነሣ አልነበረምና። መንግሥታት ሞናኮ ላይ ስለ ጉዳዩ የመከሩት በሚያዝያ 1914 ነው፤ ጦርነቱ ሁሉን በተነው፤ ዓለም አቀፉ የፖሊስ ኮሚሽን ቪየና ላይ የቆመው በ1923 ነው። አሜሪካ ራሷ ተበታትነው የነበሩ 810,188 የአሻራ ካርዶችን ዋሽንግተን ላይ አንድ ያደረገችው በ1924 ነው።

በመጨረሻ ንጹሕ ሰው የሚፈራው አልነበረም ስለሚለው ዓረፍተ ነገር። እንዲህ በቀላሉ የሚጻፍ መሆን አልነበረበትም።

አዶልፍ ቤክ በታኅሣሥ 1895 ለንደን መንገድ ላይ ቆሞ ሳለ አንዲት ሴት አታለህ ጌጤን ወስደሃል ብላ ያዘችው። ሌሎች ሴቶችም መጥተው እሱ ነው አሉ። በ1877 በተመሳሳይ ማታለል የተፈረደበት ጆን ስሚዝ የሚባል ሰው ነበርና ቤክ እሱ ነው ተብሎ በ1896 ሰባት ዓመት ተፈረደበት። የስሚዝ የእስር ቤት ካርድ ግን ስሚዝ የተገረዘ መሆኑን ይናገራል፤ ቤክ አልተገረዘም። ይህ በ1898 በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ታወቀ። ምን ተደረገ? የስሚዝ ነው የተባለው የእስረኛ ቁጥር ከቤክ ላይ ተነሣ፤ ቤክ ግን እስር ቤት ቀረ። በ1901 ተፈታ፤ በ1904 በዚያው ዓይነት ክስ እንደገና ተያዘ፤ እንደገና ጥፋተኛ ተባለ። የዳነው እሱ ታስሮ ሳለ እውነተኛው አጭበርባሪ በዚያው ስልት ሌላ ሴት ሲያታልል ስለተያዘ ነው። 5,000 ፓውንድ ካሳ ተሰጠው፤ የወንጀል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1907 እንዲቋቋም ከገፋፉት ጉዳዮችም አንዱ ይህ ሆነ። እዚህ ላይ መዝገቡ ጎድሎ አልነበረም፤ ቤክን ነፃ የሚያወጣው መስመር ተጽፎ ተቀምጦ ነበር፤ ያነበበውም ሰው ነበር።

በ1908 እንግሊዝ ልማደኛ የተባለውን ሰው ከመደበኛ ቅጣቱ በላይ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት በጥበቃ የምታቆይበትን ሕግ አወጣች። ታላላቆቹን ሌቦች ይይዛል ተባለ። ከተያዙት አንዱ ዴቪድ ዴቪስ የሚባል፣ በዳርትሙር እስር ቤት በግ ጠባቂ የነበረ ሽማግሌ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት ሁለት ሺሊንግ ሰርቆ ሦስት ዓመት ከባድ እስራት፣ በላዩም አሥር ዓመት ጥበቃ ተፈረደበት። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል በ1910 እስር ቤት ድረስ ሄዶ አይቶት ደነገጠ፤ አስፈታውና እርሻ ላይ ሥራ ተገኘለት፤ ሽማግሌው ግን ብዙም ሳይቆይ እርሻውን ጥሎ ጠፋ። ታላቁ ሌባ ጠበቃ አለው፣ ጓንት አለው፣ የባቡር ትኬት አለው። በካርድ ላይ ደጋግሞ የሚጻፈው በቀላሉ የሚያዘው ነው።

ካልካታን አመስግኛለሁና እዳዋንም ልጻፍ። በሕንድ በ1871 የወጣው የወንጀለኛ ነገዶች ሕግ ሕፃን ሲወለድ ጀምሮ ነገዱን ወንጀለኛ ይላል፤ ሰዎቹ በየጊዜው እየተጠሩ ይቆጠራሉ፣ ያለ ፈቃድ ከመንደር አይወጡም፤ በ1911 ሲሻሻል አሻራቸውም ይነሣ ተባለ። የተሻረው አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ በ1952 ነው። እዚያ ተዘዋዋሪ መሆን ራሱ ወንጀል ነበር።

ፈረንሳይም ያንኑ መንገድ ያዘች። በታኅሣሥ 1907 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሌማንሶ አሥራ ሁለት ተንቀሳቃሽ የፖሊስ ብርጌዶች አቋቋመ፤ ይህ ለተዘዋዋሪ ወንጀል ተገቢ መልስ ነበር። በታኅሣሥ 1911 የቦኖ ቡድን ፓሪስ ውስጥ በተሰረቀ መኪና የባንክ ገንዘብ ዘርፎ ሲፈተለክ አገር ተናወጠ። በሐምሌ 1912 የወጣው ሕግ ግን ትኩረቱ ቋሚ ቤት የሌላቸው ዘላኖች ላይ ነው። ከ13 ዓመት ጀምሮ ያለ እያንዳንዱ ዘላን ልኬቱ፣ ከፊትና ከጎን የተነሣ ፎቶግራፉና አሻራው ያለበት ደብተር እንዲይዝ፣ በገባበትና በወጣበት ቀበሌ ሁሉ ማኅተም እንዲያስመታ ታዘዘ። የቦኖ ሰዎች በዚያ ሕግ ዘላን አይባሉም ነበር፤ አድራሻ ነበራቸው። ደብተሩን ተሸክመው በየማዘጋጃ ቤቱ ደጅ የቆሙት ቅርጫት ሠሪዎች፣ ፈረስ ነጋዴዎችና ልጆቻቸው ናቸው፤ ሕጉ እስከተሻረበት እስከ 1969 ድረስ።